የውሃ ውስጥ ካሜራውና የከላላ በቅሎዎች

ከአሰብ የተነሣነው ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ማለዳ፣ ንዳዱ ሳይበረታ። አብዮቱ ሊፈነዳ የወራት ዕድሜ ነበር የቀረው፤ እኛ ግን ያን አናውቅም። የምናውቀው ጭነታችንን ነው። አንድ የውሃ ውስጥ መሣሪያ ከወደቡ ተረክበን፣ በባቲና በደሴ አድርገን ወረኢሉ ማድረስ፣ ከዚያ በበቅሎ ጭነን በከላላ በኩል መካነ ሰላም መግባት፣ ከመካነ ሰላምም ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ አውርደን የወንዙን ወለል ማየት። የጉዞው ዓላማ ይኸው ነበር። ወሎ በረሃብ እያለቀ የወንዝ ወለል ማየት! ዛሬ ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል፤ ቁጣዬን ለማለሳለስም አልደክምም።

ሰይድ እባላለሁ። ትውልዴ ደሴ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ወርጄ ከመርከብ መካኒኮች ሥር ተለማመድኩ፤ ኋላም ውጭ አገር ተልኬ የመርከብ መሣሪያ ጥገና ተማርኩ። ኮምፓስ፣ የሩቅ ማሳያ መነጽር፣ የባሕር ጥልቀት መለኪያ ሲበላሽ ወደ እኔ ይመጣል። በተማርኩበት ወደብ ሰርጓጅ መርከቦችም ይጠገኑ ስለነበር ከውሃ ሥር ሆኖ ላዩን የሚታይበትን የፔሪስኮፕ መስታወት መወልወልና ማቃናት እዚያው ለምጃለሁ። ለዚህ ጉዞ የተመረጥኩትም በአሰብ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

መሣሪያውን አልጠላውም፤ መሣሪያ ምን በደለ? ሰው የማይገባበት ትንሽ ሰርጓጅ በሉት። የተጋደመ በርሜል ይመስላል። ፊቱ ላይ ወፍራም ክብ መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ኋላ ካሜራ፣ በግራና በቀኝ ብርቱ መብራት፣ ጅራቱ ላይ እየተሽከረከሩ የሚገፉት ትንንሽ ፕሮፔለሮች። ረጅም ኬብል ከጀልባ ጋር ያገናኘዋል፤ ካሜራው ከውሃው ሥር የሚያየውን ጀልባው ላይ ያለች አነስተኛ ቴሌቪዥን ታሳያለች። በሆዱ ደግሞ ጋይሮ የሚሉት በኃይል የሚሾር ብረት አለ። ውሃ ውስጥ ፀሐይ የለም፣ ተራራ የለም፣ መንገድ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ መሣሪያው ቢገለባበጥ እንኳ ይህ የሚሾር ብረት አቅጣጫውን አይስትም። እንዲህ ያለ ነገር የሠራ የሰው አእምሮ ያስደንቀኛል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው።

የጉዞው ኃላፊ ክፍሌ የሚባል የአዲስ አበባ ሹም ነበር፤ ልብሱ አቧራ የማይነካው፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሚያዝ ሰው። ገና አሰብ ሳለን የሚያሳስበኝን ነገርኩት። ጎጃም ላይ ዝናብ ከጣለ አባይ የሚያወርደው ውሃ ሳይሆን አፈር ነው፤ በደፈረሰ ውሃ ደግሞ የትኛውም ሌንስ አያይም፤ ስለዚህ ሥራው እስከ በጋ ቢቆይ ይሻላል አልኩት። እሱ ግን ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ ስለታሰበ ትልልቅ ሰዎችና የውጭ እንግዶች በሄሊኮፕተር መጥተው መሣሪያው ሲሠራ እንደሚያዩ፣ ቀኑም እንደተቆረጠ ነገረኝ። ቀን ተቆርጧል። በዚያ ጉዞ ከዚህ ቃል የበለጠ የሰማሁት የለም።

ከአሰብ እስከ ደሴ

የአሰብ መንገድ እንደወትሮው ነበር፦ ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ አሸዋ፣ አንዳንድ ቦታ የሚንቀጠቀጥ የውሃ መሳይ። ሚሌን ካለፍን በኋላ ግን ከመንገዱ ዳር የከብት ሬሳ ማየት ጀመርን። መጀመሪያ አንድ ሁለት፤ ቀጥሎ እንደ ወደቀ አጥር ተከታትሎ። ባቲ ስንቃረብ የከብቱን ቦታ ሰው ያዘው። ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ጎረምሶች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። የሚለምኑት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ለመለመንም አቅም አልነበራቸውም፤ መኪናችን ሲያልፍ በዐይናቸው ብቻ ይከተሉናል።

ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ክፍሌ እንዳይቆም አዘዘው። እኔ የያዝኩትን ዳቦ በመስኮት ወረወርኩ፤ ማን እንዳነሣው ለማየት ዞር ስል አቧራው ሸፈነው። ክፍሌ ፊቱን ሳያዞር እንዲህ አለን፦

«ረሃብ የሚለውን ቃል ከማናችሁም አፍ መስማት አልፈልግም። የዝናብ እጥረት ነው። እንግዶቹ ፊትም እንዲሁ ነው የሚባለው።»

ደሴ ደርሰን ምሳ ስንበላ ከእንጀራው ይልቅ ሥጋው በዛልን። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከሰፈሬ የማውቀው ሰው ነውና ምን ተገኘ ብዬ ጠየቅሁት። ገበሬው በሬውን በማንኛውም ዋጋ እየሸጠ ጤፍና ማሽላ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሥጋው ረከሰ፣ እህሉ ግን ከሰው እጅ ወጣ ብሎ አስረዳኝ። «ሥጋ ረክሶ እህል ከተወደደ አገር አለቀ ማለት ነው» አለና ሳህኑን አንሥቶ ሄደ።

ወረኢሉ

ከደሴ ወደ ወረኢሉ በጭነት መኪና ወጣን። ጉጉፍቱ የሚባለው ከፍታ ላይ ብርዱ ሌላ ነው፤ ከአሰብ ንዳድ ለወጣ ሰው አጥንት ይሰብራል። በዚያ ደጋ በልግ የሚዘራው ገብስ ነበር ዋናው ተስፋ፤ ዝናቡ ስለቀረ ማሳው ባዶውን ቀርቷል። ወረኢሉ ስንደርስ ገበያው ዳር ብዙ በቅሎዎችና አጋሰሶች ታስረው አየን። ክፍሌ ደስ አለው። ለካ እነዚያ በቅሎዎች የመጡት ለሌላ ነገር ኖሯል።

የከላላ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ያለውን አዋጥቶ እህል አስገዝቶ ነበር። ሴቶቹ አምባርና ድሪ፣ ወንዶቹ የቀረቻቸውን ላም ሸጠዋል። እህሉ ከደሴ በመኪና መጥቶ ወረኢሉ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ከወረኢሉ ወዲያ ለመኪና የሚሆን መንገድ የለም፤ ስለዚህ በየቤቱ የተረፈውን አጋሰስ ሁሉ ሰብስበው፣ አባ ደምሴ የሚባሉ የተከበሩ ገበሬ መርተውት፣ እህሉን ሊጭኑ መጥተዋል። እኛ የደረስነው ጆንያዎቹ ከመጋዘን ወጥተው ጭነት ሲጀመር ነው። ጥቂቶቹ በቅሎዎች ተጭነው ነበር።

ክፍሌ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ መጣ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳየና አጋሰሶቹ ለመንግሥት ሥራ እንደሚፈለጉ ተናገረ። የተጫነው እንዲራገፍ አዘዘ። አባ ደምሴ ነጠላቸውን አደግድገው ጎንበስ አሉ። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

«ጌታዬ፣ የመንግሥት ዕቃ አንጭንም አላልንም» አሉ። «እህሉን እናድርስና ተመልሰን የእርስዎን እንጭናለን። እኛ ዘንድ ተነሥቶ በሩን መክፈት ያቃተው ሰው አለ። እሱን ደርሰንለት እንመለስ።»

ክፍሌም፣ «እህል ነገም እህል ነው፤ እንግዶቹ ግን ቀን ቆርጠዋል» አላቸው።

ይህን ሲል አጠገቡ ነበርኩ። ወደ ጎን ወስጄ ለመንኩት። «ግማሾቹን ይልቀቁላቸው፤ መሣሪያውን በሁለት ዙር እናደርሰዋለን» አልኩት። ጭነታችንን በሙሉ የምናውቀው እኔና እሱ ነን፤ ለእንግዶቹ የተጫነ ድንኳን፣ ታጣፊ ወንበር፣ በሣጥን በሣጥን የተደረደረ ቢራና ለስላሳ እንዳለበት አውቃለሁ። እሱን ብቻ ብንተወው ስንት ጆንያ እህል ይጫን ነበር! ክፍሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «አንተ ብሎን አጥባቂ ነህ፤ ብሎንህን አጥብቅ» አለኝ።

ጆንያዎቹ ወደ መጋዘን ተመለሱ። የተመለሱት በእነዚያው ለመጫን በመጡት ሰዎች ትከሻ ነው። አንዱ ጎልማሳ ጆንያውን ካስቀመጠ በኋላ እጁን ላዩ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ሌላው ክንዱን ይዞ እስኪያወጣው ድረስ አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ምትክ በበቅሎዎቹ ላይ የተጫነው ብረት፣ ኬብል፣ መስታወትና ቢራ ነው። የመሣሪያውን ትልቁን አካል ለሁለት ፈትቼው ሰዎቹ በወፍራም አጠና ላይ አስረው በትከሻ ተሸከሙት።

ወደ ከላላ

መንገዱ አንዴ ሜዳ ነው፣ አንዴ ገደል። ሜዳው ላይ ስትሄድ ዓለም ሁሉ ለጥ ያለ ይመስልሃል፤ ድንገት ከእግርህ ሥር ይሰነጠቅና ግማሽ ቀን ቁልቁል፣ ግማሽ ቀን ሽቅብ ያስኬድሃል። በየመንደሩ ጣሪያ ላይ ጭስ ፈለግሁ። አልፎ አልፎ ብቻ አየሁ። ውሻ የሚጮህበት ሰፈር እንኳ ጥቂት ነበር።

ባለ አጋሰሶቹ ስንቃቸው አንድ እፍኝ የተቆላ ሽንብራ ነው። እኔ በሶ ይዤ ነበርና አብረን በጠበጥነው። ክፍሌ ቀደም ብሎ በኮርቻ በቅሎ ይሄዳል፤ ሲያርፍ የታሸገ ሥጋ ይከፈትለታል። አንድ ቁልቁለት ላይ አባ ደምሴ አጠገቤ እየሄዱ ሣጥኖቹ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከውሃ በታች የሚያይ መሣሪያ መሆኑን፣ ለድልድይ መሠረት የሚሆን አለት ይፈልግበታል መባሉን አስረዳኋቸው። ይሳደባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተሳደቡም። ጥቂት ሄደው፣ «ድልድይ መልካም ነው፤ የሚሻገር ሰው ካለ» አሉና በቅሏቸውን በለጓሟ ሳብ አድርገው ቀደሙኝ።

ከላላ የሆነውን ለመጻፍ ይከብደኛል። የበቅሎዎቹን ሰልፍ ሰዎች ከሩቅ አዩት። እህሉ መጣ ብለው ወጡ። ስልቻ የያዘ፣ ቁና የያዘ፣ ቅርጫት የያዘ፣ አንዳንዱ በሰው ተደግፎ፣ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም በኩል ተጠራርቶ ገበያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ጥቂት ሴቶች እልልታ ጀመሩ። አባ ደምሴ ከፊት ነበሩ፤ እልልታው ሲደርስባቸው አንገታቸውን ደፉ። ሴቶቹ ያን ሲያዩ እልልታውን አቋረጡ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የበቅሎዎቹ ኮቴ ብቻ ነበር።

ከሰዉ መካከል አንዲት ሴት ወጣች። ዘይነባ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ በርበሬና ጨው በመሸጥ የምትኖር ሴት ናት፤ የእህሉን መዋጮ ከሴቶቹ የሰበሰበችው እሷ መሆኗን በኋላ ሰማሁ። ከስታ ፊቷ ዐይንና ጉንጭ ብቻ ሆኗል፤ አቋሟ ግን አልጎበጠም። አንዱን ሣጥን በእጇ አንኳኳች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወንድሜ። የደሴ ልጅ ነው አሉኝ። ምንድን ነው ያመጣችሁልን?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ እቴ። ውሃ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ ነው። አባይ ነው የሚወርደው።»

«እህሉስ?»

«ወረኢሉ ነው ያለ። አጋሰሱን ለዚህ ወሰዱት።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ክፍሌ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ክፍሌ ከበቅሎው አልወረደም። በሰፈሯ ስንት ቤት እንደተዘጋ፣ እነማን ተኝተው እንደቀሩ፣ የማን ልጅ መቼ እንደተቀበረ አንድ በአንድ ነገረችው። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ክፍሌ ሰዓቱን እያየ አዳመጣትና ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ይቀርባል አላት።

«ወላሂ አልገባኝም፣ ጌታው» አለች። «የምድሩን ሰው ጥላችሁ የውሃ ሥር ድንጋይ ልታዩ ትሄዳላችሁ። ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ እናንተ? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

ክፍሌ በቅሎውን ኮረኮረ። እሷም ወደ እኔ ዞረች። «እሱ አልሰማም። አንተ ግን ሰምተሃል። ሰማሁ በለኝ» አለችኝ።

«ሰማሁ» አልኳት።

መካነ ሰላም

መካነ ሰላም የገባነው ጭጋግ ከተማውን ሸፍኖት ሳለ ነው። ጥሩ ከተማ ናት፤ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው ተግባብቶ የሚኖርባት። ያን ጊዜ ግን የብዙ ሱቅ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሻይ ስጠጣ ያገኘሁት አንድ አስተማሪ ከገጠር የሚመጡት ተማሪዎች አንድ በአንድ እየቀሩ ክፍሉ ባዶ እንደሆነበት፣ ለበላይ ቢያመለክት ስም አጥፊ ተብሎ እንደተገሠጸ ነገረኝ። ወደ ጎረቤት ወረዳ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድም ሰው እንደወደቀበት ከእሱ ሰማሁ።

ጭነቱን ፖሊስ ጣቢያው ግቢ አራግፈን እያለ ክፍሌ በጣቢያው የሬዲዮ መገናኛ ወደ ደሴ መልእክት ሲያስተላልፍ ጆሮዬ ገባ። መሣሪያው በደህና ደርሷል አለ። መንገዱ ጥሩ ነበር አለ። ቀጥሎ፣ «ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎናል» አለ።

አንባቢ ይፍረድ። ያ እልልታ ለእህል የተጀመረ፣ ሴቶቹም በአፋቸው ላይ ያስቀሩት እልልታ ነበር። ይህ ሰው ሰርቆ ለራሱ አደረገው! ከግቢው ወጥቼ ሄድኩ፤ እዚያ ብቆይ እጄን የማነሣበት መስሎኝ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ዘይነባን ሰማሁ ያልኳት ቃል እንደ ዕዳ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

አባይ

ከደጋው ወደ አባይ መውረድ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር መሻገር ነው። ጠዋት ጋቢ ለብሰን ተነሣን፤ ታች ስንደርስ ሸሚዝም ከበደን። ባለ አጋሰሶቹ ከመውረዳቸው በፊት ፈርተው ነበር። ቆላው ገንዲ አለበት፤ የደጋ ከብት በዝንብ ተነድፎ የሚከሳበትና የሚሞትበት በሽታ ነው። አባ ደምሴ ዕቃውን አራግፈን ወዲያው እንመለስ ብለው ለመኑ። ክፍሌ እንግዶቹ እስኪመጡ አንድም አጋሰስ አይንቀሳቀስም አለ። ሲመለስ ድንኳኑንና ወንበሩን የሚጭን ያስፈልገዋል።

መሣሪያውን ወንዙ ዳር ገጣጠምኩት። ጀኔሬተሩን አስነሣሁ፣ ጋይሮውን አሾርኩ። አንድ ጥፋት አልነበረበትም፤ በዚያ ገደል ሥር ሰሜንን ያለ ስሕተት አሳየኝ። በጎማ ጀልባ ሆነን ወደ ውሃው ስንሰደው ግን የፈራሁት ሆነ። ጎጃም ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ እንደ ጭቃ ጠላ ደፍርሷል። መስታወቱ ከውሃው በታች እንደገባ የቴሌቪዥኗ ፊት ቡናማ ሆነ። ሌላ ምንም የለም። ድንጋይ የለም፣ ወለል የለም።

ክፍሌ እንዳስተካክለው አዘዘኝ። የሚስተካከል ነገር እንደሌለ አስረዳሁት። ብርሃኑ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈውን አፈር እየመታ ወደ ካሜራው ይመለሳል፤ በጭጋግ ውስጥ የመኪና መብራት እንደሚያደርገው ነው፤ መብራቱ በበረታ ቁጥር ይብስበታል አልኩት። አሰብ ሳለን የነገርኩትም ይህንኑ ነበር። እሱም እንግዶቹ ሲመጡ ውሃው ይጠራል ብሎ ወደ ድንኳኑ ጥላ ሄደ። ወንዝ በትእዛዝ የሚጠራ መስሎት ይሆን? አይደለም። ዋናው ነገር ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍ መሣሪያው ተገጣጥሞ፣ ቢራው ቀዝቅዞ መገኘቱ ነው።

ሄሊኮፕተሩ አልመጣም። ደጋው ላይ ደመናው ወረደና ቀኑን ሙሉ አልገለጥ አለ። በማግሥቱም እንዲሁ። በቅሎዎቹ ዝንቡን ከላያቸው ለማራገፍ ቆዳቸውን እያንቀጠቀጡ ያድሩ ይውሉ ጀመር። አንዷ መብላት አቆመች። አባ ደምሴ አጠገቧ ቁጭ ብለው ጆሮዋን ሲደባብሱ አየኋቸው። በዚያን ሰዓት ወረኢሉ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተደርድሯል፤ ከላላ ደግሞ ሰው በር መክፈት አቅቶት ተኝቷል። በሁለቱ መካከል የቆመው እኔ የማስነሣው መሣሪያ ነው።

ወደ ድንኳኑ ሄድኩና ለክፍሌ ነገርኩት። አጋሰሶቹ ካልተለቀቁ ጀኔሬተሩን አላስነሣም፤ እንግዶቹ ቢመጡም አላስነሣም አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እንደማሳስርህ ዕወቅ አለኝ። «ያሳስሩኝ» አልኩት። ከድንኳኑ ወጥቼ ለአባ ደምሴ፣ «አጋሰሶቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ማን ፈቀደ ካሏችሁ ሰይድ ነው በሉ» አልኳቸው።

እሳቸው ከወረኢሉ አብረውን ወደመጡት ሁለት ፖሊሶች አዩ። ክፍሌ ከድንኳኑ ብቅ ብሎ አስቁሟቸው ብሎ ጮኸ። ከፖሊሶቹ ትልቁ የወግዲ ሰው ነበር። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። «እናቴም ወግዲ ሆና እህል ትጠብቃለች» አለ። ጓደኛውም አጠገቡ ተቀመጠ። ባለ አጋሰሶቹ መጫኛቸውን ሰበሰቡ። የታመመችዋን በቅሎ ፊት አድርገው ዳገቱን ተያያዙት። እኔም ቆሜ በጉብታው እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው። በዚያ ጉዞ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መመለስ

እንግዶቹ ጉብኝቱን ከክረምት በኋላ እንዲሆን አዛውረውታል የሚል መልእክት ከሁለት ቀን በኋላ በመልእክተኛ ደረሰን። ታዲያ ለዚህ ነበር! መሣሪያውን ፈትቼ፣ መስታወቱን ጠርጌ፣ ብረቱን ዘይት ቀብቼ ከወንዙ በላይ ባለ ዋሻ ውስጥ በሸራ ሸፈንኩት። ክፍሌ በቀረችው የኮርቻ በቅሎ ወጣ፤ እኔ በእግሬ። መካነ ሰላም ስደርስ አስቀድሞ ነግሯቸው ስለነበር ጣቢያው ውስጥ አሰሩኝ። ያ አስተማሪ ምግብ ያቀብለኝ ነበር። የሚከስሰኝ ሰው ስላልቀረበ፣ ክፍሌም ስለሄደ፣ ጥቂት ቀን አቆይተው ለቀቁኝ።

ከላላ ስገባ ገበያው ሜዳ ላይ ጆንያ አየሁ። የመስጊዱ ሼህና የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው፣ በየቤቱ ባለው ሰው ልክ እህሉ በቁና ይሰፈራል። የሚጋፋ የለም። አባ ደምሴ አዩኝና መጥተው አቀፉኝ። ዐይኔ ዘይነባን ይፈልግ ነበር፤ ሰልፉ ውስጥ የለችም፣ ሰፋሪዎቹም ዘንድ የለችም። ጠየቅኋቸው።

«እህሉ ሳይደርስ ነው» አሉ። «ያላትን ለጎረቤት ልጆች ስታቃምስ ከርማ እሷ ቀደመች። እኛ ወረኢሉ እየጫንን ሳለ ቀበሯት። ድርሻዋን ለይተን ለአማቷ ሰጠን።»

መጀመሪያ ወረኢሉ ላይ የተጫነው እህል ሳይራገፍ ቢሄድ ኖሮ በሕይወት ይደርስላት ነበር። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን በዚያ ሜዳ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ያውቃል። መቃብሯን አሳዩኝ። ዱዓ አደረግሁ፤ አባ ደምሴም ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቤ ቆሙ። ከዚያ በመጣሁበት መንገድ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አሰብ ወረድኩ።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ታመሃል ወይ አለችኝ። አልታመምኩም፤ ተናድጄ ነበር፤ ንዴቱም አልወጣልኝም። ከመሣሪያ ክፍል አንሥተው የመርከብ ዝገት ከሚፍቁት ጋር መደቡኝ። ሙያዬን ያስተማሩኝ ሰዎች «የሰው ልጅ የሚሳሳተው ሳያይ ሲቀር ነው፤ ስለዚህ ጥሩ መስታወት ስጡት» ይሉ ነበር። እኔም አምኜው ኖሬአለሁ። ወሎ ላይ የተማርኩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ክፍሌ ሁሉንም አይቷል። ባቲ ላይ አየ፣ ወረኢሉ ላይ አየ፣ ከላላ ላይ ከበቅሎው ሳይወርድ በቅርብ አየ። ዐይኑ ደህና ነበር።

በተከታዩ ዓመት አብዮቱ መጣ። እኛም አሰብ ላይ በየአዳራሹ ስብሰባ ተጠራን። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ተናጋሪ አለ ተብለን ገባን፤ መድረኩ ላይ ክፍሌ ቆሟል። ሱፉን በካኪ ለውጦታል። ስለ ወሎ ረሃብ በሚያምር ቃል ተናገረ። ያለፈው ሥርዓት ጉዱን ደብቆ እኛም አላወቅንም ነበር ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። እጄን አወጣሁ፤ ሳይፈቀድልኝም ተነሣሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግረው።

«አንተ ታውቅ ነበር» አልኩት። «ከላላ ላይ ዘይነባ ነግራሃለች። እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር።»

ሰብሳቢው እንድቀመጥ አዘዘኝ። አልተቀመጥኩም። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ተራገፈው ጆንያ፣ ስለ ቢራው፣ ስለ እልልታው፣ ስለ መቃብሯ፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ያጨበጨበልኝ የለም። ክፍሌም ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ጥቂት ቆይቶ ከፍ ወዳለ ወንበር መዛወሩን ሰማን። የዘይነባን ስም ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል።